ራሷን በመድረክ ያየች ከተማ

ዛሬ የመንገድ ወሬ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። መንገዱ ከዴንቨር ተነስቶ ላራሚ ወደምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ይሄዳል። በመኪና ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ግን በቅድሚያ እኛ ቤት የፈላውን ጉድ ካልነገርኳችሁ ጉዞው አይገባችሁምና ከሱ ልጀምር። በገጻችን ልማድ መሠረት የማንንም ሰው ስም አልጠራም። የከተማዋን ግን እጠራለሁ።

ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ሐበሻ የበዛባቸው ከተሞች ናቸው። እንጀራው፣ ቡናው፣ እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ሁሉም አለ። ታላቅ እህቴ እዚያ ትኖራለች። ድሮ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታለች፤ ዛሬ ደግሞ ኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ እየገባች አንድ ልጇን ለብቻዋ ታሳድጋለች። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ድራማ ነፍሱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ለቴአትር ሲፈትን ተወዳደረና አለፈ። እልል ልንል አፋችንን ስንከፍት እናቱ ቴአትሩ ስለምን እንደሆነ ሰማች።

ቴአትሩ «ዘ ላራሚ ፕሮጀክት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዋዮሚንግ ግዛት፣ ላራሚ ከተማ ውስጥ፣ የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጌይ በመሆኑ፣ ማለትም የራሱን ጾታ የሚያፈቅር በመሆኑ፣ ተደብድቦ ስለተገደለበት ታሪክ ነው።

እህቴ በሌሊት ደወለችልኝ። «ና ድረስልኝ! ልጄን ሊያበላሹብኝ ነው» አለች። ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል፣ ፊቷ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«እድርተኛው ምን ይለኛል? የሷ ልጅ እንዲህ ሆነ ቢሉኝ የት እገባለሁ?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ የምጫወተው አንድ ሰው አይደለም» አላት ልጁ። «ቴአትሩ ውስጥ ከ60 በላይ ሰዎች አሉ። አንድ ተዋናይ ብዙ ሰው ይሆናል። እኔ የሆስፒታሉን ኃላፊ እጫወታለሁ፣ የሟቹን ጓደኛ እጫወታለሁ፣ ከገዳዮቹም አንዱን እጫወታለሁ።»

«ገዳዩን?»

«አዎ።»

«እሱስ ይሁን» አለችና ስኒዋን አነሳች።

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ አያት። «እማዬ፣ ገዳይ ስሆን 'ይሁን' ትያለሽ። የሞተው ልጅ ጓደኛ ስሆን ነው 'ሰው ምን ይላል' የምትይው?»

ጎበዝ፣ እኔ ለሽምግልና የተጠራሁት ሰውዬ አፌ ተያዘ። እህቴም መልስ አልነበራትም። መጨረሻ ላይ «እስቲ አንተ ውሰደውና ያንን አገር አይታችሁ ኑ። ከዚያ እንነጋገራለን» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔና የእህቴ ልጅም በመስከረም አንድ ቅዳሜ ማለዳ መንገድ ጀመርን።

ሽቅብ ወደ ነፋሱ

ከዴንቨር ወደ ሰሜን ሲነዳ መጀመሪያ ሜዳ ነው። በስተግራ የሮኪ ተራሮች አብረው ይጓዛሉ። ፎርት ኮሊንስ ስንደርስ የእህቴ ልጅ ስክሪፕቱን ከጉልበቱ ላይ አነሳና «መግለጫ የምሰጥባት ከተማ ይቺ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። ልጁ ከላራሚ ወደዚህ ሆስፒታል መጥቶ ነው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1998 ያረፈው። የሆስፒታሉ ኃላፊ በካሜራ ፊት ሞቱን ሲናገር እንባው አሸንፎታል።

ከፎርት ኮሊንስ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ቀይ ድንጋይ፣ ደረቅ ሣር፣ ጥድ። ዋዮሚንግ ሲገባ ዛፉ ይመናመንና ሰማይና ነፋስ ብቻ ይቀራል። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የሕዝቧ ቁጥር ትንሹ ይቺ ናት። ሜዳው ላይ ድኩላ መሰል እንስሳ በብዛት ይጋልባል። ላራሚ ከባሕር ጠለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ እምብዛም አታንስም። ከመኪና ስንወርድ የመታን ብርድ የእንጦጦን ጠዋት አስታወሰኝ።

ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1868 ዩኒየን ፓሲፊክ የሚባለው ባቡር ሐዲዱን ዘርግቶ ሲደርስ ተቆረቆረች። እንደኛ ድሬዳዋ በሏት። ዛሬም ረጃጅም የዕቃ ባቡሮች መሐል ከተማውን አቋርጠው ያልፋሉ። ከሐዲዱ በላይ በእግር የሚሻገሩበት ድልድይ አለ። እዚያ ላይ ቆመን አሮጌዎቹን የጡብ ቤቶች አየን። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 31 ሺህ ገደማ ነበር፤ ልጁ ሲገደል ከዚያም ያንስ ነበር።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ዋዮሚንግ እ.ኤ.አ. በ1869 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠች ምድር ናት። በቀጣዩ ዓመት በ1870 በዚሁ ሕግ አንዲት አሮጊት እዚሁ ላራሚ ውስጥ በማለዳ ሄደው ድምጽ ሰጡ። ስለዚህ ግዛቷ «የእኩልነት ግዛት» ትባላለች። የእህቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ «ስም ማውጣትማ ቀላል ነው» አለ።

ያቺ ሌሊት

የሆነው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1998 ማታ ተማሪው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሁለት እኩዮቹን አገኘ። ሁለቱም የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው። ከነሱ ጋር መኪና ውስጥ ገባ። ከከተማ ወጣ ወዳለ ሜዳ ወሰዱት፣ ዘረፉት፣ በሽጉጥ ሰደፍ ጭንቅላቱን ቀጠቀጡት፣ ከእንጨት አጥር ጋር አስረውት በብርዱ ትተውት ሄዱ። ከ18 ሰዓት ገደማ በኋላ በብስክሌት ያለፈ ሌላ ተማሪ አገኘው። መጀመሪያ ሲያየው ለወፍ ማስፈራሪያ የቆመ አሻንጉሊት መስሎት ነበር።

መጀመሪያ የደረሰችው ፖሊስ ሴት ናት። የለበሰችው ጓንት አስተማማኝ አልነበረም፣ እጇ ላይም ቁስል ነበር። እሷ ግን ትንፋሽ እንዲያገኝ አፉን ትጠርግ ነበር። በኋላ በደሙ ውስጥ ኤች አይ ቪ መኖሩ ተነገራት። ሳምንታት መድኃኒት ወሰደች፣ ተመረመረች፣ ነፃ ሆነች። ያንን ዘመን የምታስታውሱ ታላላቆች ይሄ ምን ማለት እንደነበር ታውቁታላችሁ።

ወላጆቹስ? አባቱ ሳውዲ ዐረቢያ ይሠራ ነበርና እናቱም እዚያው ነበረች። ወሬውን በስልክ ሰምተው ነው ውቅያኖስ አቋርጠው ልጃቸው አልጋ አጠገብ የደረሱት።

ያ አጥር ዛሬ የለም፤ ነቅለውታል። መጠጥ ቤቱም በዚያ ስሙ የለም። ቦታውን ፍለጋ የሚሄድ ሰው ባዶ ሜዳ ነው የሚያገኘው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ግን በ2008 ለመታሰቢያው የቆመ አግዳሚ ወንበር አለ። የተጻፈበት ቃል ለሱም፣ እዚያ ለሚቀመጥም ሁሉ ሰላም የሚመኝ ነው። እኛም ተቀመጥን። ተማሪዎች ጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ያልፋሉ። ብዙዎቹ ነገሩ ሲሆን አልተወለዱም።

ክንፍ ያወጡት ጓደኞች

ወሬው እንደተሰማ ቴሌቪዥኖች ከተማዋን ወረሩ። የብዙው ነዋሪ የመጀመሪያ መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ ከተማችን እንዲህ አይደለችም፣ እኛ ሰውን በሰላም እናኖራለን የሚል። አትፍረዱባቸው። የኛስ ሰፈር ነገር ሲበላሽ «የኛ ልጆች እንዲህ አያደርጉም» አይደለም የምንለው? ችግሩ ገዳዮቹም የዚያው ልጆች መሆናቸው ነው።

ሌሎች ግን በእግራቸው መለሱ። ልጁ ገና ሆስፒታል እያለ የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ የበዓል ሰልፍ ነበር። ጥቂት ሰዎች ለሱ ብለው ከሰልፉ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው አንድ በአንድ እየገባ ጥቂቶቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ።

ከሌላ ግዛት፣ ከካንሳስ፣ አንድ አነስተኛ የሃይማኖት ቡድን ደግሞ መጣ። ልጁ ሲቀበርና ገዳዮቹ ሲዳኙ ሟቹን የሚሳደብ ጽሑፍ ይዞ ቆመ። እንግዲህ የልጁ ጓደኞች ያደረጉትን ስሙ። በነጭ አንሶላና በፕላስቲክ ቱቦ ትልልቅ የመልአክ ክንፍ ሠሩ። በሚያዝያ 1999 ፍርድ ቤቱ በር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ተሳዳቢዎቹን ከበቡ። ስድብ በስድብ አልመለሱም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ዝም ብለው ቆሙ። ጽሑፉ በክንፉ ተሸፈነ። ይሄ ራሱ ድራማ አይደለም ትላላችሁ?

በችሎቱ ከገዳዮቹ አንዱ ጥፋቱን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የሁለተኛው ጠበቆች «ልጁ ስለተጠጋው ደንግጦ ነው» የሚል መከላከያ ለማቅረብ ሞከሩ፤ ዳኛው አልተቀበሉትም። ሞት ሊፈረድበት ሲል የሟቹ አባት በችሎት ቆመው፣ ልጄን የገደለው በሕይወት ይኑር አሉ። እሱም ዕድሜ ልክ ታሰረ።

ሰሚዎቹ ከኒውዮርክ ሲመጡ

አሁን ወደ ቴአትሩ ልምጣ። ከግድያው አንድ ወር ገደማ በኋላ ቴክቶኒክ ቲያትር ፕሮጀክት የሚባል የኒውዮርክ ቡድን ላራሚ ገባ። ቴፕ ይዘው በየቤቱ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ። ከአንድ ዓመት በላይ እየተመላለሱ ከ200 በላይ ቃለ ምልልስ አደረጉ። ከዚያ የጻፉት ተውኔት ውስጥ የፈለሰፉት ገጸ ባሕርይ የለም ማለት ይቻላል። ሾፌሩ፣ ቄሱ፣ ፖሊሷ፣ ተማሪው፣ ጌዮችን የሚጠላውም የሚወደውም በገዛ ቃሉ ይናገራል። ስምንት ተዋንያን ሁሉንም ሰው ይሆናሉ። የአንዱን ባርኔጣ አውልቀው የሌላውን መነጽር ያደርጋሉ።

ቴአትሩ በየካቲት 2000 መጀመሪያ የታየው ዴንቨር ነው። ቀጥሎ ኒውዮርክ ሄደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ራሷ ላራሚ ውስጥ ታየ። ይታያችሁ እስቲ! አንድ ሰው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በግድየለሽነት የተናገራትን ነገር ሌላ ሰው መድረክ ላይ ሲናገራት ይሰማል። ጎረቤቱም አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማ ነው። «እኔ አልደበደብኩም» ማለት ይቻላል፤ «እኔ አላልኩም» ማለት ግን አይቻልም። ለኔ የዚህ ቴአትር ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

በ2002 ፊልም ሆነ። ከግድያው አሥር ዓመት በኋላ ቡድኑ ተመልሶ ሁለተኛ ክፍል ጻፈ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2009 በአንድ ምሽት ከ100 በላይ በሚሆኑ መድረኮች ላይ ተነበበ። ዛሬ የመጀመሪያው ቴአትር በብዙ ትምህርት ቤቶች ይታያል። የከለከሉትም አሉ።

ምን ለወጠ ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። የግድያውን ምርመራ የመራው የከተማው ፖሊስ አዛዥ፣ ራሱ እንዳመነው፣ ቀድሞ ጌዮችን የሚጠላ ሰው ነበር። ጉዳዩን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሲሰማ ተለወጠ። በኋላ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ሕግ ይውጣ ብሎ የተከራከረው እሱ ነው። ሕጉም በጥቅምት 2009 በፕሬዚዳንት ኦባማ ተፈረመ። የተሰየመውም በዚህ ልጅና በዚያው በ1998 ቴክሳስ ውስጥ ዘረኞች በመኪና ጎትተው በገደሉት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ስም ነው። ጥላቻ ዘመዱ ብዙ ነው፤ ዛሬ በዚህ የመጣው ነገ በቆዳችን ይመጣል።

ያልተለወጠም አለ። ዋዮሚንግ በ1999 የጥላቻ ወንጀል ሕግ ለማውጣት ሞክራ በምክር ቤቷ 30 ለ30 ተከፍሎ ወደቀ። እስከዛሬ ይሄ ነው የሚባል የግዛት ሕግ የላትም። ላራሚ ግን በ2015 በሥራና በቤት ኪራይ አድልዎን የሚከለክል ደንብ አጸደቀች፤ ከዋዮሚንግ ከተሞች ቀዳሚዋ ሆነች። በሌላ በኩል በ2004 አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም «ነገሩ የአደንዛዥ ዕፅ ዘረፋ ነበር» የሚል ክርክር ካነሳ ወዲህ ይሄንኑ የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። የልጁ አስከሬን አመድም ወላጆቹ መቃብሩን ያረክሱብናል ብለው ስለፈሩ 20 ዓመት ማረፊያ አጥቶ ቆየ። ያረፈው በ2018 ዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ውስጥ ነው።

ምሳ የበላንበት ቤት ያስተናገደችን ሴትዮ ለምን እንደመጣን ስትሰማ ተነፈሰች። «ሁሉም የሚያውቀን በዚያች ሌሊት ብቻ ነው። ሰለቸን» አለች። ቢሉን ሰጥታን ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣች። «ግን ልጄ እዚሁ ትምህርት ቤት ይሄንን ቴአትር አይቷል። እኔ የማላወራውን ለኔ አወራኝ» አለችን።

ለኛስ?

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ወጣቶች፣ «ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በአገራችን ሕግ ድርጊቱ ክልክል መሆኑንም፣ የሃይማኖት አባቶችም የሚሉትን አውቃለሁ። ግን የትኛውም አንቀጽ ጎረምሳ ተሰብስቦ ሰው ይደብድብ አይልም። ድብደባ ድብደባ ነው፣ ግድያም ግድያ ነው። ስለ እምነት እየተከራከራችሁ በአንድ ነገር ግን መስማማት ትችላላችሁ፤ ሰው አጥር ላይ አይታሰርም።

ድራማ ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። በኤድስ ዘመን በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የፀረ ኤድስ ክበባት ነበሩ። «አትንኩት፣ አትቅረቡት» የሚባለውን ሰው መድረክ ላይ አውጥተው የሰው ልጅ መሆኑን ያሳዩት ወጣቶች ናቸው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

የኔ ምክር አጭር ነው። በስልካችሁ የሰው ፎቶ «ይሄ ልጅ እንዲህ ነው» ተብሎ ሲመጣላችሁ አታስተላልፉ፤ ያቺ መልእክት መንገድ ላይ ዱላ ትሆናለች። በቀልድ ሰው ሲዋረድ አትሳቁ፤ ደብዳቢ የሚለካው የሳቁን ብዛት ነው። ሰው ሲደበደብ ብታዩ ካሜራ ከማውጣት ሰው ጥሩ። ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ የከበደ ነገር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ስሙት።

የእህቴ ጥያቄ

ማታ ስንመለስ እህቴ ለሥራ ስትለብስ ደረስን። ያየነውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሳውዲው ስልክ ስነግራት እጇ የካፖርቷ ቁልፍ ላይ ቆመ። «ይጫወት» አላለችም፣ «አይጫወት»ም አላለችም። «ሰዓት ደረሰ» ብላ ወጣች። ልጁ ግን ልምምዱን ቀጠለ፤ ማንም አልከለከለውም።

የቴአትሩ ቀን ብቻዬን ነው የገባሁት። እህቴ ፈረቃ አለኝ ብላ ነበር። የእህቴ ልጅ ገዳዩን ሲሆን አዳራሹ ጠላው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሆኖ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ግን ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። መብራቱ ሲበራ ዞር ብዬ ባይ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ አንዲት ሐበሻ የኤርፖርት ዩኒፎርም ለብሳ፣ ነጠላ ጣል አድርጋ ቆማለች። እንዴት እንዳስፈቀደች እስከዛሬ አልነገረችኝም።

መኪና ውስጥ ብዙ ዝም አልን። ከዚያ ከኋላ ወንበር ድምጿ መጣ።

«ያቺ እናት በሕይወት አለች?»

«አለች። እሷና ባሏ በልጃቸው ስም ድርጅት አቋቁመው ሲያስተምሩ ነው የኖሩት» አልኳት።

«ጅዳ ሆኜ ስልክ በሌሊት ሲጮህ እንዴት እንደምደነግጥ አንተ ታውቃለህ» አለች። ቀጥላ ወደ ልጇ ዞረች። «ነገም አለ አይደል ቴአትሩ?»

«አዎ እማዬ።»

«ለእድሩ ሴቶች ስንት ወንበር ይገኛል?»

በሉ ደህና ሰንብቱ።